አንድ ሌሊት ያገለገለ

የከርሞውን በጀት በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣
ቀለም ድፍረት ይሻል፤ ድፍረቱን አጣሁት።
ከመንግሥት ቢሮ የመጣው ደብዳቤ
«ገንዘቡ አልተሰረዘም፣ ተይዟል» ይላል፤
ሽቅብም ቁልቁልም አነበብኩት፣
የሚለቀቅበት ቀን ከየትኛው መስመር ይገኛል?

ባንክ ያለን አምስት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ዶላር።
ለሰባ ስምንት ቤት የምናድለው ዱቄት፣ ምስር፣ ወተት አለ፣
ኪራዩ አለ፣ የቫኑ ኢንሹራንስ አለ፤
በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት የምናመላልሰው፣
ስሙ የተሻለ፣ እሱ ያልተሻለው፣
ጋሽ ተሻለ አለ።

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣
ማሞቂያው እያንኳኳ ተቀመጥን ለውይይት።

«የሦስት ወር መጠባበቂያ» አለ አቶ አንለይ፣ «ሳይነካ ይቀመጥ፤
ክፉ ቀን ደጅ ሲቆም በባዶ እጅ እንዳንደነግጥ።»
«የሦስት ወር ሕፃንስ?» አለች ወይዘሮ ትርንጎ፣
«መጠባበቂያው ይጠባበቅ፤ እሱ ያለቅሳል ወተት ፈልጎ።»
የሁለቱንም ጻፍኩ። የሁለቱንም አጠፋሁ።
ላጲሱ አለቀ፣ ስብሰባው አላለቀም፤
በመጨረሻ «እንደ አምናው ዕጣ ይውጣ» ተባለ፣
ዕጣችን ከዕጣ አልዘለለም።

ዕጣው ያው ነው፣ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን።
ካቻምና ለደምመላሽ ወጣለት፤
«ለማኅበሩ መልሻለሁ» አለ፣ አጨበጨብን።
አምና ለነርሷ ለፌቨን፣
ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ለምትኖረው፣ ምኑን ልትጠርግበት!
መለሰች፤ አጨበጨብን።
ሦስት ሺህ ዶላር አስገብቶልናል ሞተሩ ሳይነሳ፤
«ይነሳ ይሆን?» ብሎ ግን ማንም ጥያቄ አላነሳ።

የኅዳር ዓርብ ማታ፣ ለሁለት መቶ ሰው ራት ተሰናዳ፣
ከቀትር ጀምሮ በረዶው ወረደ፣ ወረደ፣ እንደ ዕዳ።
ዐሥራ ዘጠኝ ሆንን፤ ስድስታችን አብሳዮች ነን።
መንገዱ ተዘጋ፤
እዚያው አደርን ኮታችንን ተንተርሰን።

ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጉዲና ወጥቶ ተመለሰ፣
«ቫኑ የለም» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እስከዚህ ለብሷል።»
ተሻለን በዐሥራ ሁለት ሰዓት የሆስፒታል ወንበር ይጠብቀዋል።
ታክሲ አይታሰብም። ያለን አካፋ ሁለት ነው።
ሁላችንም ካርቶኑን አየነው።
«ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ትኬት ተሽጦበታል» አለ አንለይ፣
«አደራ ነው።»

እውነቱን ነበር።

ትርንጎ ከማድ ቤት የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ መጣች፤
አጀንዳ አላስያዘች፣ ድምፅ አላስቆጠረች፣
ፕላስተሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደች።

ቤንዚኑ ከጉዲና ጀሪካን። ገመዱን ደምመላሽ ሳበ፤
ሳል ብቻ። ፌቨን ሳበች፤ ሳል።
እኔም ሳብኩ፤ ሒሳብ እንጂ ገመድ ስቤ አላውቅም።
በሰባተኛው፣ አንለይ ራሱ፣
መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከትቶ፣
አንዴ ሲጎትተው
ምድር ቤቱ ድረስ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣
ነጩን ወደ ጨለማው እየተፋ ማሽኑ መንገድ ቆረጠ።

ተሻለ ደረሰ፣ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ።
የተረፈው ራት በጠረግነው መንገድ ወጣ፣
ከደጁ አካፋ ይዞ የቆመ ሁሉ አካፋውን ጥሎ ሳህን ያዘ፤
አንዳንዱ ስማችንን ጠየቀ፣ አንዳንዱ ጨው።

ሰኞ ሒሳቡን ሠራሁ።
ገቢው የዘይቱን ዋጋ እንኳ አልሸፈነም፤
በጀት ሳይኖረው በጀን ብዬ እንዳልጽፍ፣ ለእሱ ዓምድ የለንም።
ትኬት ለገዙት በየተራ ደወልን፦
«ማሽኑ አንድ ሌሊት አገልግሏል፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ።»
ዘጠኝ ሰው ወሰደ፤ መብታቸው ነው።
አንዲት ሴትዮ፣ ከብራንደን የገዙ፣
ዝም ብለው ቆዩና
«ውይ! ይነሳል እንዴ?» አሉኝ።

በሰባተኛው፣ አልኳቸው።
ደብዳቤው አሁንም ተይዟል ይላል፤
ገጹ እንዳለ በእርሳስ ነው፣
ይህችን አንዲት መስመር ግን
በቀለም ጻፍኳት።