ትርንጎ

ቂርያት ጋት፣ አገር ግዛት ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር አራት፤
ጸሐፊዋ ልጅ ናት።
ሦስት ወረቀቴን ጎን ለጎን ዘርግታ
«ከነዚህ እናትሽ የትኛዋ ናት?» አለች በእርጋታ።

ቀበሌ በሰጣት መታወቂያ ላይ፣ ትርንጎ ፈረደ።
የኔ ፋይል ላይ ጢሪንጋ፤
በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአክስቴ እጅ ስገባ፣
መዝጋቢው በጆሮው እንዳገኘው ወሰደ።
የጋብቻው ምስክር የውብዳር ይላታል፤
አማቷ ናት ያወጣችው፣ በገባች ማግስት፤
ለሙሽራ ስም ይወጣል፣ ማን ይጠይቃታል?

«በሦስቱም ብትጠሪያት አቤት ትላለች»
ልል አልኩና ተውኩት፤
አቤት ማስረጃ አይሆንም፣ አቤቱታ ነው የሚቀበሉት።
«ጠበቃ ፊት ማይ፣ ማሕተም አስመቺ፣
ሦስቱም አንድ ሴት ናቸው የሚል ቃል አምጪ።»

ወጣሁ። የዳስ በዓል ሳምንት ነው፤ ገበያው ዳር
ቢጫ ፍሬ በጥጥ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፤
አንድ ሽማግሌ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ
ነቁጥ ይፈልጋል፣ ልጣጩ ተጭሮ እንደሁ፣ ጫፉ ተሸርፎ፤
«ይኼ አይሆንም» ይላል፣ ሌላ ያነሣል።

ዕብራይስጡ ኤትሮግ ነው፤ እኔ በናቴ ስም አወቅሁት።
ከተጣሉት መሐል አንዷን፣ ጠቃጠቆ ያለባትን፣ በአምስት ሼቅል ገዛሁ፤
የጠበቃው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አሸተትኳት።

ማታ ጎንደር ደወልኩ። እናቴ ሁሉን ሰምታ ሰምታ
«ፈረደስ? አባቴስ በሦስቱም ላይ አለ?» አለች።
«አለ፣ እማ። በሦስቱም።»

ፈረደስ አለ። የሚፈርድ ጠፋ እንጂ።