አመለጠኝ

ዋይሜአ ካፊያ ነው፤ ነፋስ ወደ ጎን እየነዳው
የላሞቹን አጥር ተሻግሮ መስኮታችንን መታው።
ቴሌስኮፑ እዚህ የለም። እሱ ከደመናው በላይ፣
ውሃ በሌለበት፣ ሣር በሌለበት፣ ከተራራው አናት ላይ።
እኛ ግን ከታች ነን፤ ምንጣፉ ባረጀ ክፍል፣
የአምስት ስክሪን ብርሃን ዓይናችንን ሲያቃጥል።
ኖኤላኒ ከላይ ሆና፣ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣
«እዚህ ጥርት ብሏል፤ እናንተ ጋስ?» ትላለች ትኩስ ኩባያ አቅፋ።
«ጭጋግ ነው» እላታለሁ።
የዘወትር ቀልዳችን ነው፤ ትስቃለች።

የምንጠብቀው እንግዳ ስስ ነው፣
ከሐምራዊ ወዲያ የሚኖር፣ ዓይን የማያውቀው፤
የወጣት ኮከብ ትኩሳት፣
ኤሌክትሮንን ከአቶሙ ቤት ነቅሎ የሚያወጣ ጉልበት።
አሥራ አንድ ቢሊዮን ተኩል ዓመት ሲጓዝ፣ ጠፈር እየሳበው
ሞገዱ ተለጥጦ፣ ሲደርስ፣ አየራችን ሊያሳልፈው
ከሚፈቅድበት የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነው።
ችግሩ ግን ከመነሻው ነው። ሃይድሮጅን እዚያው ደጁ ላይ ቆሟል፣
እንደ ድሮ ኬላ ጠባቂ የሚያልፈውን ሁሉ ይፈትሻል፤
ቀረጥ አይበቃውም፤ ጭነቱን ከነአጋሰሱ ይውጣል።
ከመቶው ስንቱ አመለጠ?
ሥራዬ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።
ጥንት ሰማይ በሙሉ ጭጋግ ነበር፤ ጭጋጉ ተገፈፈ፤
ማን ገፈፈው ቢሉ፣ ኬላውን ሰብሮ ያለፈ
ብርሃን ነው እንላለን።
ምስክር ግን ይጎድለናል።

አምና በመስከረም ምስክር አገኘሁ ብዬ ነበር።
ሃያ ሰባተኛዋ ጋላክሲ፤ ባዶ መሆን በነበረበት ሥፍራ
ነጥብ። ትንሽ፣ ግን ብጠርገው የማይጠፋ።
ሃልቮርሰንን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደውዬ ቀሰቀስኩት፤
ጠዋት ቦምቦሊኖ ገዛሁ፣ ለዘበኛው ሳይቀር አደልኩት።
ረቂቁን ጻፍኩ። ርዕሱ ላይ «አመለጠ» የሚል ቃል ነበረው።
ከዚያ ናካሶኔ፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ጉሮሮውን ጠረገና
«ነጥቡ ከመሀል ፈቀቅ አላለም?» አለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ።
ብሏል። በፀጉር ስፋት።
ከሕዋ የተነሣ ጥርት ያለ ምስል አስመጣን፤
ከፊቷ፣ በመንገዱ መሀል፣ አንዲት ቅርብ ጋላክሲ አገኘን፤
የጎረቤት ኩራዝ ነው ስናየው የከረምነው።
ያ ብርሃን ከዚያ አላመለጠም፤
እኔን አመለጠኝ እንጂ።
ቋንቋዬ ለሁለቱም ያለው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤
ያን ቀን ስስቱን ታዘብኩት።

እና ዛሬ ብቻዋን የምትታመን ጋላክሲ የለችም።
ስልሳ አንዱን እንደራርባለን፣ ጨለማ በጨለማ ላይ፣
ጫጫታው እርስ በርሱ ተበላልቶ
የተረፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ብለን።
ናካሶኔ ይደምራል። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።
ኖኤላኒ «ሊነጋ ነው፤ ጉልላቱን ልዝጋ» ትላለች።
ከድምሩ መሀል እብጠት የመሰለ ነገር አለ፤
አለ ላለው አለ፣ የለም ላለው የለም።
«ምን ብዬ ልጻፍ?»
«ከመቶ ዘጠኝ አይበልጥም በል።»
«ስንት ነው ታዲያ ቢሉንስ?»
«አይበልጥም በል ነው የምልህ።»
ስለቀረ እንግዳ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ወደ ቤት ስነዳ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤
የመኪናዬ መብራት አሥር እርምጃ ሄዶ ይዋጣል።
የአንዲት ላም ዓይን በርቶ ጠፋ።
አጥሩ የት እንደሚያበቃ በግምት ነው የማውቀው።
ከወዲያ፣ ኩርባው ላይ፣ አንድ መኪና ብቅ አለ፤
ገና ሳይደርስ
መብራቱን ዝቅ አደረገልኝ።