ቀሪ

ከወንዙ ማዶ ነው፣ የቶሌዶ ጭስ ማውጫ ከሚታይበት፣
ግድግዳው ቀለም የናፈቀው፣ የኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት።
እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤
ማን እንደቀረ እጽፋለሁ፣ ለምን እንደቀረ ማንም አይነግረኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቃል ነው እጄ የለመደው፣
«ቀሪ» ነው፣ ከስም ጎን ብዕሬ የሚያወርደው።
ማርሎ ቲልማን፦ ሰኞ ቀሪ፣ ማክሰኞ ቀሪ፣
ሐሙስ አርፍዶ ገባ፣ ዓርብ ደግሞ ቀሪ።

አንድ የካቲት ማለዳ፣ በረዶው መስኮቱን ሲያለብሰው፣
ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደወልኩለት ለዚያ ሰው።

«ሄሎ» አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።
«ዛሬ የእናቴ የኩላሊት እጥበት ቀን ነው» ይላል፤
«መጋዘን ጎማ ስጭን አድሬ፣
እህቴን አንደኛ ክፍል አድርሼ፣
ገና መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አልፈታሁም ዛሬ።»

መዝገቡን አየሁት።
ይህን ሁሉ የሚይዝ ዓምድ የለውም። ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ተረት አይደለም፤ ወረቀት ነው፤
ከአቶ ሃስኬት ጋር ሒሳቡን ከጠዋት ወደ ከሰዓት ያዛወርነው፣
የጎደለውን ነጥብ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስሞላነው፣
ሁለቴ ጥሎን ሄዶ፣ ሁለቴ ከጎማ ክምር የመለስነው።

ሰኔ ላይ ጥቁር ካባ ለበሰ። እናቱ በተሽከርካሪ ወንበር፣
ስሙ ሲጠራ «አቤት!» አለች ቀድማው፤ እሱ ዝም ብሎ ነበር።

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያጨበጭባል፤ ወንበሩን አጥፎ ይሄዳል።
እኔ ግን ሐምሌን አውቀዋለሁ። ሐምሌ ልጅ ያቀልጣል፤ ይወስዳል።
ኮሌጅ የተቀበላቸው፣ ስማቸው በር ላይ የተለጠፈ፣
ነሐሴ ሲያልቅ የሉም፤
አንድ ፎርም ስለጠፋ፣ አንድ ቀን ስላለፈ።

ሮኔታ እንዲያ ናት የሄደችው። በሯን አንኳኳሁ፤
ፍራሹ መንገድ ዳር ወጥቷል፤ ቆሜ ጠበቅሁ፤
ጎረቤት «ወደ ደቡብ ሄዱ» አለኝ። የት ደቡብ? ብዬ ቀረሁ።

ማርሎ ግን ነበረ። ደረጃው ላይ፣ ያልተከፈተ ፖስታ ይዞ።
«ሳልከፍተውም አውቀዋለሁ፤ ገንዘብ ነው» አለ፣ ፊቱ ደንዝዞ።
ከፈትነው። የክትባት ማስረጃ እንጂ ገንዘብ አልጠየቀም፤
አንድ ሕይወት በአንዲት መርፌ ሊቀር ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ሌሊት ደወለ፤ በኬሚስትሪ ፈተና ሠላሳ አንድ አግኝቶ።
«እዚህ ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም» አለ፣ ድምፁ እንደ ድሮው ጉድጓድ ገብቶ።
ጥበብ የለኝም። «እራት በልተሃል?» አልኩት።
«አልበላሁም።» «ብላ። ነገ ምድር ቤት፣ አስጠኚዎቹ ጋ ግባ።»
«እሺ» አለ። አላመንኩት።

ገብቷል ለካ።
አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው፤ በየሐምሌው እዚህ ይመጣል፣
ከጎኔ ተቀምጦ የአዲሶቹን ስም ዝርዝር ይካፈለኛል፤
«ሄሎ፣ ፖስታህን ከፍተሃል?» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ሠላሳ አራት ስም ተጠራ፤ ዘጠኙ የሉም።
እጄ ያንኑ ቃል ጻፈ፤ ልማድ በአንድ ልጅ አይሻርም።
ግን ልጅ ሆኜ፣ ሒሳብ ስማር፣ «ቀሪ» ማለት ሌላ ነበር፦
ከብዙ ላይ ተቀንሶ፣ ተቀንሶ፣ ተቀንሶ፣
መጨረሻ ላይ ያልጠፋው ቁጥር።

ስልኩን አነሳሁ። ዘጠኝ ቀሪ አለኝ።
የመጀመሪያው ጠራ፤ ጠራ፤ ጠራ፤
አንድ እንቅልፋም ድምፅ «ማን ልበል?» አለኝ።