አራት እኩል ድንጋይ

ወንበሬ መሐል ሜዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣
ሥራዬ ብር መላክ፣ ብር መቀበል በወግ።
በገበያው ቀን፣ ጉም ከጓሳ ሲወርድ፣
በጉም ሰዉም ባንድ ላይ ሲጋፋ፣ ሲነጉድ፣
ጋሽ ማሙሸት መጣ፣ ካብ ሠሪው፣ ግንበኛው፣
ስልኩን በመሀረብ ጠቅልሎ እንደ በሽተኛው።

«ልጄ፣ ጣቴን እምቢ አለኝ» ሲል እጁን ዘረጋ፣
አርባ ዓመት የኖረ ጣት ከድንጋይ ሲዋጋ፤
አሻራው ተልጎ ያለቀ፣ መስመር የሌለው ገላ፣
ስልኩ ምን ይፍረድ? ቆጠረው እንደ ሌላ።

«በምስጢር ቁጥሩ ክፈተው» ስለው፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣
ወፍጮው እስኪሰማ፣ የታሰረው በግ እስኪበረግግ፣
«አንድ! ዘጠኝ! ሰባት! ሰባት!»
እንደ ጨረታ ጠራት።

ከኋላው ሦስት ሰው ነበር። አንዱ በሆዱ ሳቀ፤
የኔ ፊት ግን በዚያ ብርድ በላብ ተጠመቀ።
ባለፈው እትዬ ድንቅነሽን፣ «ከባንክ ነው» ብሎ ደውሎ፣
የስምንት በግ ዋጋ ወሰደ፣ «ቁጥሩን ንገሪኝ» ብሎ።
የልደት ዓመት ገምቶ የሚገባም አለ ደግሞ፣
የልጅን ስም፣ የስልክን ጭራ፣ ቀምሞ፣ ቀማምሞ።

«ጋሼ፣ ይህንን ቀይረው» አልኩት ወደ ጆሮው ቀርቤ፤
ዝም ብሎ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቀም ልቤ።

«ጌታመሳይ የተወለደባት ናት» አለ። «ያ ክፉ ዘመን።
ረሀቡ የማረውን፣ በሃያው መብረቅ ወሰደብን።
የሰውን ሁሉ መቃብር ስገነባ፣ የሱን አልሠራሁም፤
እጄ እምቢ አለ። ከዚች ቁጥር ሌላ ሐውልት የለውም።
ሰው ሐውልት ይቀይራል?»

ወፍጮው አንድ ቁና እስኪፈጭ ሁለታችንም ዝም አልን።
ከዚያ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣
«ጋሼ፣» አልኩት፣ «ካብ ስትክብ፣
አራት እኩል ድንጋይ ብትደረድርስ?»

ሳቀ፤ የቀሩት ሁለት ጥርሶቹ ታዩ።
«እኩልማ? በሬ ሲታከከው ይናዳል!
ትልቁ ትንሹን ሲነክስ፣ ሹሉ ከጠፍጣፋው ሲገጥም ይጸናል፤
መሐሉ ላይ የምትወሸቀው ጠጠር እንኳ ታግዛለች፣
ማንም አያያት፣ እሷ ግን ትይዛለች።
ደግሞ የገብሱንና የባቄላውን ማሳ ባንድ በር አታጥርም፤
በሩን ያገኘ ከብት አንዱንም አይምርም።»

ልናገር ያሰብኩትን ሁሉ ከአፌ ቀማኝ።

ወረቀት ሰጠሁት። «ወረቀት ይናገራል» ብሎ መለሰው፤
ጀርባውን አዞረ፣ ጋቢውን በስልኩ ላይ አለበሰው፣
በዚያ ደንዳና ጣቱ አንድ በአንድ ቆረቆረ፤
ፊደል አኖረ፣ ቁጥር ወሸቀ፣ ምልክት መሐሉ ሰነቀረ።
ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴም አፍርሶ እንደገና ካበ።
«ልጁ ኮልታፋ ሳለ የሚላት ነገር ነበረች…» አለና፣
ደንገጥ ብሎ አፉን በመዳፉ ከደነ።
«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር፤
አንቺንም ጭምር።»

መሀረቡን ቋጥሮ ሄደ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ የራሴን ስልክ ከፈትኩ፤
የይለፍ ቃሌ ስሜ ነው፣ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት። አፈርኩ።
በሻማ ብርሃን ሌላ ስክብ፣ ሳፈርስ አመሸሁ፤
ምን እንደሆነማ፣ ለናንተም አልነግርም፣ ተማርኩ መሰለኝ፣ በሸሁ።

ከፋሲካ በኋላ በደብሩ ጓሮ ሳልፍ፣
ሣሩ መሐል አንድ አዲስ ካብ አየሁ፣ ጉልበት የሚደርስ፣
ጥቁር ድንጋይ፣ ትልቁ ትንሹን የነከሰ፣
አንዱም ካንዱ አይመስልም።
በእጄ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም።
ዞሬ ዞሬ ፈለግሁ፣
ስምም፣ ዓመትም አልተጻፈበትም።