ኃላፊነቱ የተወሰነ

ረፋድ አራት ሰዓት። ከዚራ። ጥላው አጥሮ፣
ፀሐዩ እንደ ደላላ ጫንቃ ላይ ሰፍሮ፣
በዋርሳሜ ባጃጅ ሦስት ሆነን መጣን፣
በአንድ ጥቁር ፌስታል አንድ ፊልም ይዘን።

ፊልሙ ገና የለም። ያለው ወረቀት ነው፤
ዘጠና ሁለት ገጽ፣ ኢፍቱ የጻፈችው፣
ሳምቡሳ ስትጠብስ ጫፉን ዘይት የነካው።
አንዲት ሴት አለች፤ ጎርፍ በሯን የወሰደባት፣
ቁልፉ ብቻ እጇ ላይ የቀረላት።
ደቻቱን ተከትላ ቁልቁል ትሄዳለች፣
ያገኘችው በር ላይ ሁሉ ትሞክራለች።
ሌላ ታሪክ የለውም።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላ ተክሎ
አው አብዶሽ ይተይባል፣ የሰው በደል ችሎ።
«ሬ» የሚለው ቁልፍ ድሮ ወልቆበታል፤
ድሬን በጻፈ ቁጥር በእስክሪብቶ ይሞላል።
«የድርጅቱ ዓይነት?» ዝም አልን። ራሱ መለሰ፤
«ኃላፊነቱ የተወሰነ…» ጣቱ ገሰገሰ፤
«…የግል ማኅበር። ማለት፣ ፊልሙ ቢከስር
አበዳሪ አይነካም የቤታችሁን በር።»
«ቤት የለንም» አለ ዋርሳሜ።
«እንግዲያው ማን ይችላችኋል!»

የድካሙን ዋጋ ልንከፍል ስንቆጥር
«ተዉት» አለ፤ «ይልቅ አለኝ አንድ ነገር፤
ከፊልሙ ውስጥ የሆነ ቦታ ግደሉኝ።
ንግግር አልፈልግም፤
የሰው ቃል ስጽፍ ነው ያረጀሁት።
ዝም ብዬ ልሙት፤ ፊቴ በቅርብ ይታይ።»
ኢፍቱ አላመነታችም፤ ገጽ አርባ ላይ ሞተ።

መዋጮ።
ኢፍቱ እቁቧን፤ ዕጣው ሳይወጣላት
ከባለተራዋ፣ ከጨርቅ ተራ ሴት፣
ለምና፣ ተዋውላ።
ዋርሳሜ ባጃጁን፤ ገዢው ከደጅ ቆሞ
ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ጎማ ሲነካ ደግሞ፣
የኋላ መስታወቱን ጽሑፍ ልጦ ወሰደ፤
«ይህ ከሽያጩ ውጭ ነው» እያለ ወረደ።
እኔ ካሜራዬን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት
ሰርግ የቀረጸችው «በዓይነት» ተባለላት።
ሁሉም ጥርት ያለ ነው።
ምስሉ የተንቀጠቀጠው በአንዱ ብቻ ነበር፤
ሙሽራዋን አውቃት ነበር።

መስኮት አምስት። ሲስተም የለም። ወይዘሮ ሽብሬ
በማመልከቻችን ፊቷን ታራግባለች።
ሲስተም መጣ። «‹ደቻቱ› ተይዟል» አለች፤
«የአሸዋ ነጋዴ ነው።» አሸዋውን ጭኖ
ስሙንም ወስዶታል፣ ከወንዙ ላይ ዘግኖ።
«አንድ ቃል ጨምሩ።»
ዘጠና ሁለት ገጽ ቃል የነበራት ኢፍቱ
አንድ ቃል አጣች።
ዋርሳሜ፣ ሰባት ዓመት ተሳፋሪ ሲጣራ፣
«ማዶ! ማዶ! አንድ ሰው!» እያለ ከከዚራ፣
ከአፉ አመለጠው፤
«ማዶ።»

ደቻቱ ማዶ የፊልም ሥራ።
«ስለ ምንድን ነው ግን?» ኢፍቱ ነገረቻት።
ማራገቧን ተወች፤ ላቧ ወረደባት።
«በመጨረሻ በሩን ታገኘዋለች?»
«ገና አልቀረጽነውም።»
ማኅተሙን ሁለቴ መታችው፤ አንዴ ይበቃ ነበር።

በባጃጅ መጥተን በእግር ተመለስን።
ደቻቱ ደርቋል። ልብስ የሚያሰጡ፣
በአሸዋው መሃል ኳስ የሚራገጡ፣
ጎማ የምታኝክ ፍየል።
ይህ ወንዝ ሲመጣ በሌሊት ነው የሚመጣው፣
ኃላፊነቱን ማንም ሳይወስንለት።
ኢፍቱ ቆመች። በእግሯ ጣት መስመር አሰመረች፤
«ሴትዮዋ እዚህ ጋ ትቆማለች።»
ካሜራዬን አወጣሁ፤ «ካሜራዬ» ማለት ቀርቷል፣
የማኅበሩ ንብረት ነች። ሌንሷን በሸሚዜ ጠረግሁ።
ዋርሳሜ ለልኬት መስመሩ ላይ ሄዶ ቆመ።
የባጃጁን ቁልፍ ካስረከበ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤
ጣቶቹ ግን አሁንም
ቁልፍ እንደያዙ ናቸው።