ስድስተኛው

ካራቺ ሌሊት ነው፤ ነፋሱ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ማህጃቢን ሳህኑን ከማሞቂያው ታወጣለች፣
ትናንት የዘራችውን ጎንበስ ብላ ታያለች።
አንዱ በሃያ ደቂቃ ሁለት፣
ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣
ሳይጋቡ፣ ሳይደግሱ፣ ሲነጋ አገር ሞሉበት።

በማቅለሚያው ሮዝ ሆነዋል፤ ቁመናቸው የበትር፤
ስማቸውን ታውቃለች፦ ታይፎይድ፣ የቆየ ዘር።
ስድስት መድኃኒት አኑራ ነበር፣ በክብ በክብ ወረቀት፤
አምስቱን እስከ ደጃፍ ከበዋቸው፣ እንደ ሣር፣ ያለ ፍርሃት።

የሻምቤ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢበርድ፣
አባት ቀሪውን ክኒን ለጎረቤት አበደረ፤
ተመትቶ ያልሞተ እባብ ልጁ ሆድ ውስጥ አደረ።

በስድስተኛው ዙሪያ ግን ጠባብ ባዶ ሜዳ አለ።
ማስመሪያ አስጠጋች። አሥራ አራት ሚሊሜትር።
ደግማ ለካች።
ስልኩን አነሳች።