ድስቱ የለበሰው ጋዜጣ

በነሐሴ እሁድ፣ ሴቱባል ሳትነቃ፣
ሩዝ በቲማቲሙ በስሎ ነበር በቃ።
እናቴ ደኦሊንዳ እንደ አራስ ልጅ ድስቱን
ጠቅልላ ጠቅልላ ስትሸፍን አንገቱን፣
አንድ ዙር ጋዜጣ፣
ሁለት ዙር ጋዜጣ፣
ከላይ ብርድ ልብስ፤ «ሙቀቱ እንዳይወጣ።»

ከዚያ ወደ ወደብ።
ሐብሐቡን እኔ ይዤ፣ ጃንጥላውን ኤርሚኒዮ አባቴ፤
ድስቱን ግን ለማንም አትሰጥም እናቴ።
ጀልባዋ አቃስታ ወንዙን ስትሻገር
ባንድ ጎን ተደፍተን ዶልፊን እንቆጥር ነበር፤
አንዷን ሁለት ጊዜ፣ ቶሎ ካልጠለቀች ሦስቴ።
«ዘጠኝ!» ብዬ ስጮኽ፣ «አራት» ይላል አባቴ፣
ቀና እንኳ ሳይል።

ትሮያ አሸዋው ላይ ድስቱ ልብሱን ሲያወልቅ
ቀለሙ ከጎኑ ተገልብጦ ታትሟል፤ ግማሽ ቃል፣ ሩብ ርዕስ።
(እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከድስት ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ።)
አባቴ ያንን ወረቀት ጉልበቱ ላይ በመዳፉ ይተኩሳል፣
መነጽሩን ያደርጋል፣
የሦስት ሳምንት ወሬ ዛሬ እንደተወለደ ጮክ ብሎ ያነባል።
እንፋሎት የበላውን ከራሱ ይሞላል፦
«ሚኒስትሩ ሥልጣን የለቀቁት... ረጥቧል... ሚስታቸውን ፈርተው ነው» ይላል።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የሙታኑ ገጽ ነው።
እናቴ ሩዝ እያደለች፦ «ስንት ዓመቱ ነው?»
«ሰማንያ ሁለት።»
«ይበቃዋል፤ ሳህንህን አምጣ፣ ልጨምርበት።»

አንድ ነሐሴ ግን፣
«የሳርዲን ፋብሪካው ባለቤት ለሠራተኞቻቸው
‹ምንም ሥጋት የለም› አሉ» ብሎ አነበበላት።
ፋብሪካው የተዘጋው ዓርብ ነው። ያ እሁድ ነበር።
ከዐሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ፣ ሌሊት ሳይረን ሲጮኽ
የሷን ከሌላው ለይታ ከአልጋ የምትወርድለት ፋብሪካ።
አባቴ ዘግይቶ ገባው። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል
እናቴ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዐይኗን በክንዷ እስክትጠርግ፤
ከዚያ ባለቤቱን ከነቃሉ ተቀብላ
የዓሣ አጥንት ጠቀለለችበት።

አሁን ፋብሪካው አፓርታማ ነው፤ ሳይረን የለ፣ ሽታ የለ።
አባቴም ተራው ደርሶት በዚያው ገጽ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።
«ዘንድሮ እሻገራለሁ» አለች እናቴ፤ «ጋዜጣ ብቻ አምጡ።»
ሦስት ሰፈር ዞርን። ኪዮስኩ የስልክ ሽፋን ይሸጣል።
ልጄ ዱዋርት ስልኩን ዘረጋላት፣ ከኪሱ አውጥቶ፦
«የዓለም ጋዜጣ ሁሉ እዚህ አለልሽ፣ ተሰብስቦ ገብቶ።»
ግራ ቀኝ አየችው፣ እንደ ገበያ እንቁላል አገላብጣ፣
«በል፣ ድስቱን ጠቅልልበት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ።»

በፎጣና በልጁ ሹራብ ጠቀለልነው።
አዲሱ ጀልባ አያቃስትም። ቲኬት ስቆርጥ
«በእስኩዶ ስንት ይሆናል?» አለች። ነገርኳት።
«በዚህ ገንዘብማ ጀልባዋን ገዝተን
በተረፈው ካፒቴን እንቀጥር ነበር።»
ዱዋርት ቪዲዮ ሲያነሣ ዶልፊኖቹን አላያቸውም፤
ማታ ከስልኩ ውስጥ፣ ወደ ኋላ እየመለስን፣ ቆጠርናቸው።
አራት ነበሩ።

ባሕሩ ዳር አሁን ጥላ በሰዓት ይከራያል። እኛ ራቅ ብለን ተቀመጥን።
ድስቱ ሲገለጥ እንፋሎቱ ወጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ወጣ።
እናቴ ጎኑን በጣቷ ዳሰሰች፦
«ምንም አልተጻፈበትም» አለች።
ቆይታ ደግሞ፦ «በል ዱዋርት፣ እንደ አያትህ አንብብልኝ።»
አነበበላት፦ ነገ ከሰሜን ነፋስ፣ ከቀትር በኋላ ማዕበል...
«ነገ?» ማንኪያዋ አየር ላይ ቆመ።
«የነገውን ማን ጠየቀህ? የሱ ወሬ ሁሉ ያለፈ ነበር፤
ካለፈ እኮ ሰው ተረጋግቶ ይበላል።»
ዱዋርት ስልኩን አሸዋው ላይ ደፋው፤
ሳህኑን አቀረበ።